ስምንቱም መብራት ይበራል

ሽቦ የሚሉት ሰውዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ ለአራተኛ ጊዜ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። በመዳፉ የያዛት፣ የሳሙና ቁራጭ የምታክል መፈተሻ ስምንቱንም አረንጓዴ መብራት በተራ በተራ አበራችለት። ገመዱ አልተቆረጠም፤ ከወዲያኛው ጫፍ የተላከው ሁሉ በወዲህኛው ጫፍ ደርሷል። መፈተሻዋን ነቅሎ ገመዱን ወደ ኮምፒውተሩ መልሶ ሰካው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ከራሱ በላይ የተቀመጠችው ሴት፣ «ይኸው፣ ደግሞ ሄደ» አለች።

«ምኑ ነው የሄደው?» አለ ከሥር ሆኖ።

«ኔትወርኩ ነዋ። እኔማ የትም አልሄድኩም፣ ይኸው አናትህ ላይ ተቀምጫለሁ።»

ሽቦ ለመውጣት ሲነሣ ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ሴትየዋ «እኔን» አለች፣ ግን ሳቋን ስትውጥ አያት። በሆዱ ያዘባት። በሆድ መያዝ ያውቅበታል። ሰባተኛ ክፍል ላይ «አንተ እንኳ ለእርሳስ አልተፈጠርክም» ብሎ ወንበሩን ለሌላ ልጅ የሰጠበትን መምህር ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመት በሆዱ ይዞታል፤ መምህሩ ሞቶም አልለቀቀውም።

የሕንፃውን ገመድ ከምድር ቤቱ እስከ ሦስተኛ ፎቅ የዘረጋው እሱ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በኮርኒሱ ውስጥ የሚያልፈው፣ በግድግዳው ቱቦ የሚወርደው፣ በየጠረጴዛው ሥር ጭራውን የሚያወጣው ሰማያዊ ገመድ ሁሉ በሱ እጅ ያለፈ ነው። ሕንፃው ሲያስነጥሰው የሚጠራው ሽቦ ነበር። ዓይኑን ሸፍነው ኮሪደሩ ላይ ቢለቁት ከየትኛው ግድግዳ ጀርባ ስንት ገመድ እንዳለ በመዳሰስ ይናገራል። ወዲያ ወዲህ ብሎ የሚለቃቅመው ሥራ ሞልቷል፤ የኔ ብሎ ሰው ፊት አፉን ሞልቶ የሚጠራው ግን ይህን ሕንፃ ብቻ ነው።

አሁን ያው ሕንፃ ግራ አጋባው። ድርጅቱ ሦስተኛውን ፎቅ ለደንበኞች ስልክ መልስ ለሚሰጡ ሠላሳ ስምንት ሠራተኞች አዘጋጅቷል፤ ሥራ የሚጀምሩት ሰኞ ነው። ለነሱ ተብሎ አዲስ ፈጣን ስዊች ተገዛ፤ ስዊች ማለት የየጠረጴዛው ገመድ ሁሉ መጥቶ የሚሰካበት ማከፋፈያ ሳጥን ነው። ማክሰኞ አሮጌው ተነቅሎ አዲሱ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ሠራተኞቹም ለልምምድ ተሰብስበው ማዳመጫቸውን ደፉ። ወዲያው አንዱ «ሃሎ፣ ሃሎ፣ ይሰማል?» ይል ጀመር። ሌላው ደንበኛ መስሎ የሚደውልልኝ ሰው ድምፅ አንገቷን እንደተያዘች ዶሮ ተቆራረጠብኝ አለ። ከዚያ ወዲያ ሰላም የለም።

ነገሩ ደግሞ መልክ የለውም። ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ያሉት ጠረጴዛዎች ደህና ናቸው፤ በመስኮቱ በኩል ያሉት ሩቆቹ ይቆረጣሉ። እሺ፣ ርቀት ነው እንበል። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሲወጣ ግን እነዚያው ሩቆቹ እንደ ሰዓት ይሠራሉ። ሽቦ ምሳውን ትቶ ተራ በተራ ሲሞክራቸው አንዱም አልተቆረጠበትም። ሰዉ በልቶ ሲመለስ ችግሩም አብሮ ተመለሰ። ሲጠይቁት ደህና ነኝ የሚል፣ ፊት ሲያዞሩበት የሚወድቅ በሽተኛ አይቶ ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ገመድ ግን አይቶ አያውቅም።

ረቡዕን ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ዋለ። አምስት ሶኬት ቀየረ። የስድስት ገመድ ጫፍ ቆርጦ እንደገና ሠራ፤ ያው። የኮርኒሱን መብራት ጠረጠረና አስጠፋ፤ ሠራተኞቹ ግማሽ ሰዓት በጨለማ ተቀመጡ፤ ያው። የአሳንሰሩን ሞተር ጠረጠረና አስቆመ፤ ወንበር ተሸክሞ ሦስት ፎቅ የወጣ ሰው ዘር ማንዘሩን ረገመለት፤ ያው። አይጥ ይሆን ብሎ ኮርኒሱን ከፍቶ በባትሪ ሲያይ አይጥ የለም። ያገኘው ዐሥራ አንድ ዓመት የሞላው የብስኩት ላስቲክ ነው፣ ራሱ በልቶ የጣለው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ሥራ አስኪያጇ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። ስትቆጣ ድምጿ የሚቀንስ ሴት ናት።

«ምን አገኙ?»

«ገመዱ ጤነኛ ነው» አለ ሽቦ። «ይኸው፣ ስምንቱም ይበራል።» መፈተሻዋን ዘረጋላት።

እሷ መብራቱን ትታ ጉልበቱ ላይ ያለውን አቧራ አየች። «ስዊቹን ያመጡት ሰዎች ስዊቹ ጤነኛ ነው አሉኝ። እርስዎ ገመዱ ጤነኛ ነው ይሉኛል። ሁሉም ጤነኛ ከሆነ የታመመው ማነው?»

«ዐሥራ አንድ ዓመት የሠራ ገመድ በአንድ ቀን አይበላሽም ማለቴ ነው።»

«እኔ ገመዱን አልከሰስኩም። ሰኞ ሠላሳ ስምንት ሰው እዚህ ተቀምጦ ስልክ ይመልሳል።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ቅዳሜ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት። እስከዚያ ከተስተካከለ ተስተካከለ። ካልሆነ ሦስቱንም ፎቅ አስነቅዬ ለሌላ ድርጅት እሰጣለሁ። እኔንም የሚጠይቀኝ አለ።»

ሦስቱንም ብላ ሄደች። ሽቦ ቆሞ ቀረ። ገመዱ እንደ አንጀት ከኮርኒሱ እየተጎተተ፣ በጆንያ ታጭቆ በደረጃው ሲወርድ ታየው። የሚጎትቱትም ሰዎች፣ ንጹሕ ቱታ ለብሰው፣ «ይሄን የሠራው ማነው?» እያሉ ሲሳሳቁ ታየው። የተማረ ሰው ሲሳሳት የአሠራር ክፍተት ይባልለታል፤ ያልተማረ ሲሳሳት «ድሮም አያውቅም» ይባላል።

ማታ ቤቱ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን አቁማ አየችው።

«ዛሬም?»

«ዛሬም።»

«ወንድሜን ልጥራው?»

«የማንን ወንድም?»

«የኔን ነዋ። የጎረቤት ልጥራልህ?»

«እሱን ከምጠራ ገመዱን በጥርሴ ብነቅለው ይሻለኛል።»

የሚስቱ ታናሽ ወንድም እነሱ ቤት ነው ያደገው። ሁለት ዓመት ከሽቦ ጋር ገመድ ጎትቷል፤ የመጀመሪያውን ፒንሳ ያስጨበጠው ሽቦ ነው። ከዚያ ኮሌጅ ገባ፣ ኢንጂነር ሆነ፣ ዛሬ በአንድ ትልቅ የኔትወርክ ድርጅት ይሠራል። የምርቃቱ ቀን፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ልጁ ድምፅ ማጉያ ይዞ ያመሰገነውን ሲያመሰግን ሽቦ በጆሮው ሰምቷል። እናቱን አመሰገነ፣ እህቱን አመሰገነ፣ መምህራኑን አመሰገነ፤ ክፍል ያከራየውን ሰውዬ ሳይቀር አመሰገነ። የሽቦ ስም ግን ከዚያ አፍ አልወጣም። ስድስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሲመጣ ሽቦ ጉዳይ አለኝ ብሎ ይወጣል።

«ምን እንዳደረገህ እንኳ አንድ ቀን ነግረኸኝ አታውቅም» አለች ሚስቱ።

«ዝም አይነቅዝም።»

«ዝምታው አልነቀዘም። አንተ ግን ነቅዘሃል።»

ተነሥቶ እጁን ሊታጠብ ገባ። ስልክ ስትደውል ሰማት። ወጥቶ ሊከለክላት ይችል ነበር። ውሃውን ከፍቶ እጁን ሁለቴ ታጠበ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጁ መጣ። ልጁ ማለት ለወጉ ነው፤ ሠላሳውን አልፏል፣ ግንባሩም መሸሽ ጀምሯል። ቢጫ ቦርሳ ትከሻው ላይ አንግቷል።

«ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?»

«ኢንጂነሩ፣ ደህና ነኝ» አለ ሽቦ፣ ማዕረጉን በጥርሱ መካከል አሳልፎ።

«እቴቴ ነግራኛለች። ላየው?»

«እየው። ዓይን አያስከፍልም።»

ኢንጂነሩ ከቦርሳው ጡብ የሚያክል መፈተሻ አወጣ። አንዱን ክፋይ ቁም ሳጥኑ ዘንድ፣ ሌላውን በመስኮቱ በኩል ካለው ገመድ ላይ ሰካ። ማሳያው ትንሽ እንደማሰብ አለና ቀላ።

«አርባ አራት ሜትር። ወደቀ» አለ። ቀጣዩን ሰካ። «ሠላሳ ዘጠኝ። ይሄም ወደቀ።» ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ያለውን ሰካ። «ስምንት ሜትር። እሱም ወድቋል፣ ግን ለጥቂት።»

«ያቺ ማሽንህ ትዋሻለች።»

ኢንጂነሩ ማሳያውን አንብቦ አንገቱን አሸት አሸት አደረገ። «አንዱን ጫፍ ልቁረጠው?»

«አንገቴ እስካልሆነ ቁረጠው።»

ቆረጠና ከተቆረጠችው ጫፍ ያለችውን ትንሽ የላስቲክ ጭንቅላት ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞራት። በውስጧ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች በረድፍ ተኝተዋል። ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ሽቦ በፍቅር ዓይን ነው ያያቸው። ሥርዓት ያላቸው፣ እንደ ዘመድ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተቀመጡ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲሁ ነው ሲያስተኛቸው የኖረው። ሟቹ አለቃው፣ ሥራ ያስገባው ሰውዬ፣ መጻፍ አይወድም ነበርና በወግ ነው ያስተማረው። «አራት ባልና ሚስት ናቸው» ይል ነበር። «ነጭ ያለባት ሚስት፣ ሙሉ ቀለሙ ባል። ጎን ለጎን አስተኛቸው። ባልና ሚስት የለየ እጁ ይደርቃል።» ሽቦ አንድም ቀን ለይቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ችግሩ ተራው ነው» አለ ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ።

«የምኑ ተራ?»

«የቀለሙ። አረንጓዴውና ሰማያዊው ቦታ መለዋወጥ አለባቸው። አረንጓዴው ከሚስቱ ይለይና ስድስተኛ ላይ ይሄዳል። ሰማያዊዎቹ ሁለቱ መሀል ይገባሉ።»

ሽቦ ሳቀ። ሳቁን የሚጋራው ሰው አጣ። «ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ስዊቹን የሠራው፣ ኮምፒውተሩን የሠራው፣ ሁሉም። ማሽኑ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ነው እንደ አንድ ጥንድ የሚያወራባቸው። አንተ ሦስተኛና ስድስተኛ ላይ ያስቀመጥካቸው የተለያየ ቤት ሰዎች ናቸው።»

«ስምንቱም መብራት ይበራል እኮ።»

«ይበራል። ያንተዋ መፈተሻ የምታየው ሽቦው መድረሱን ብቻ ነው። ከማን ጋር ተጠማዞ እንደመጣ አታይም።» ኢንጂነሩ የተቆረጠውን ገመድ ልጦ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙትን ሽቦዎች አሳየው። «የተጠማዘዙት አንዱ ለአንዱ የጎረቤትን ጫጫታ እንዲከላከልለት ነው። ወሬውን ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ለአረንጓዴ ቤት፣ ግማሹን ለሰማያዊ ቤት ስትሰጠው መከላከል ይቀራል። መንገዱ አጭር ከሆነ ችግር የለም። ሰው ሁሉ ወጥቶ ወሬ ሲቀንስም ችግር የለም። መንገዱ ሲረዝምና ሁሉም ሲጣደፍ ግን መደማመጥ የለም።»

ሩቆቹ። ምሳ ሰዓት። ሦስት ቀን ያባከነው እንቆቅልሽ ሁሉ አንድ በአንድ መልስ አገኘ፤ ሽቦ ግን ይባስ ግራ ገባው።

«ስህተት ከሆነ ዐሥራ አንድ ዓመት እንዴት ሠራ?»

«አሮጌው ስዊች ቀርፋፋ ነበር ጋሼ። ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ይሄም መንገድ ይሆናል።»

ሽቦ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የተቀመጠው በአንዲት ሠራተኛ ወረቀት ላይ ነበር፤ ልጅቷ ከሥሩ ሳብ አድርጋ አወጣች። ገመድ የዘረጋላቸው ቤቶች ሁሉ በሐሳቡ መጡ፤ ፋርማሲው፣ የጠበቃው ቢሮ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ ሁለት የጉዞ ወኪሎች፣ የጥርስ ሐኪሙ። ሃያ ሁለት ዓመት። ሁሉም ቤት አረንጓዴው ከሚስቱ ጎን ተኝቷል። አለቃው አታሎት ነው? አለቃውንስ ማን አታሎት? ሰውዬው ደግ ነበር፤ ያለችውን እንጀራ ያካፍል ነበር። በደግ ሰው ይናደዱበታል ወይ? ሽቦ የሚናደድበት አጥቶ አያውቅም፤ ዛሬ አጣ።

«ይሄን ያወቅከው መቼ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ኮሌጅ፣ ሁለተኛ ዓመት።»

«እና አፍህን ይዘህ ተቀመጥክ።»

«ነግሬህ ነበር ጋሼ። ለዕረፍት መጥቼ፣ ማተሚያ ቤቱን ስትሠራ። ‹ባልና ሚስት ልታፋታ ነው ኮሌጅ የገባኸው?› ብለህ ሰዉን ሁሉ አሳቅክብኝ። ከዚያ ወዲያ ተውኩት።»

ሽቦ ያን ቀን ያስታውሰዋል። እሱ ዘንድ ግን በሌላ መልክ ነው የተቀመጠው፤ ጢሙ ያልጠና ልጅ በሰው ፊት ሊያርመው የደፈረበት ቀን ሆኖ። አሁን እንደተገለበጠ ካልሲ ስፌቱ ወደ ውጭ ወጣ። አስቦት ሳይሆን፣ አፉ ቀድሞት፣ «ለዚያ ነዋ የተመረቅክ ቀን ስሜን የዘለልከው» አለ።

«የቱን ስም?»

«የኔን። ቤት አከራይህን አመስግነህ እኔን ዘለልክ።»

ኢንጂነሩ ፒንሳውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የጠራሁት ያንተን ነው። ‹ፒንሳ ያስጨበጠኝ› ብዬ። ሰዉ ሲያጨበጭብ ዞር ብዬ ብፈልግህ ወንበርህ ባዶ ነው።»

«የት ሄጄ?»

«እኔ ምን ዐውቄ። ድምፅ ማጉያው ያፏጭ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ ተወው።»

ማጉያው ያፏጭ ነበር፤ እውነት ነው። ጆሮው አላስቀምጥ ብሎት ከመድረኩ ጀርባ ሄዶ፣ የላላች ሽቦ አግኝቶ አጥብቆ ነበር የተመለሰው። ጭብጨባም ሰምቷል፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቀም። ይመን ወይስ አይመን? ሊያባብለው ይሆናል። ግን ይሄ ልጅ ከድሮም ውሸት አይችልም፣ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ጆሮውን አየው። ጆሮው እንደ ነበረ ነው። ታዲያ ስድስት ዓመት እያበላ ያሳደገው ቂም አሁን ምን ይሁን? እንዲህ ያለ ነገር የት ነው የሚጣለው?

«ሠላሳ ስምንት ጠረጴዛ፣ ሰባ ስድስት ጫፍ» አለ ኢንጂነሩ፣ ፒንሳውን መልሶ እያነሣ። «ገመዱ ራሱ ደህና ነው፣ የሚነቀል ነገር የለም። ጫፎቹን ብቻ ቆርጠን ብንሠራ ነገ ይደርሳል።»

«ቆርጠን?»

«ፈቃድ ወስጄ ነው የመጣሁት።»

ሥራው ቀላል መሆን ነበረበት። ሁለት ሽቦ ቦታ ማለዋወጥ ነው። የሽቦ ጣቶች ግን እምቢ አሉ። ገመዱን ይልጣል፣ ስምንቱን ይፈታል፣ ያስተካክላል፣ በጣቱ ጫፍ ያሰልፋል፤ የላስቲኳ ጭንቅላት ውስጥ ከትቶ ከጨመቀ በኋላ ሲያያት አረንጓዴው ተመልሶ ሚስቱ ጎን ተኝቷል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ጣት ጆሮ የለውም፤ ቢነግሩት አይሰማም። ኢንጂነሩ ቀለሞቹን በተራ ወረቀት ላይ ጽፎ ግድግዳው ላይ ሲለጥፍለት ሽቦ ደሙ ፈላ።

«እንደ ሕፃን ሰሌዳ ልትሰቅልልኝ?»

«ለኔ ነው የለጠፍኩት። እኔም ካንተ ነው የተማርኩት፣ እስካሁን እጄ ይሳሳታል።»

ይህን ሲል ጆሮው ቀላ። ሽቦ አየውና ወደ ገመዱ ተመለሰ። ወረቀቱም ባለበት ቀረ። ከዚያ ወዲያ ቀለሞቹን ጮክ ብሎ እየጠራ መሥራት ጀመረ፤ በቃሉ ካልመራቸው ጣቶቹ ይከዱታል። በመስኮቱ በኩል ያለችው ሴት ማዳመጫዋን አንሥታ፣ «አባባ፣ የልምምድ ደንበኞቼ ነጭ ሰማያዊ ማነው እያሉኝ ነው» አለችው። ሰዉ ሳቀ። ሽቦም ሊቆጣ ብሎ አፉ ላይ የመጣው ሳቅ ሆነበት፤ ለምን እንደሳቀ አልገባውም።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰባኛው ጫፍ ተጨመቀ፣ ስድስት ቀረ። ጡብ የሚያክለው መፈተሻ የነካውን ሁሉ አረንጓዴ ያደርጋል። ሥራ አስኪያጇ ሰዓቷን እያየች መጣች።

«እንዴት ሆነ?»

ኢንጂነሩ ቀደመ። «አዲሱ ስዊች ጥብቅ ነው፣ ፈጣን ስለሆነ። ጫፎቹን ለሱ በሚመች መልክ አስተካክለናቸዋል። ከእንግዲህ አይቆረጥም።»

ውሸት አልነበረም። ሙሉ እውነትም አልነበረም። ኢንጂነሩ እጁን ኪሱ ከቶ ወለሉን አየ።

«ጥሩ። ሁለተኛውና አንደኛው ፎቅስ? ለነሱም በሚቀጥለው ወር ይሄንኑ ስዊች ነው የማስገባው። እነሱ ላይ ችግር የለም አይደል?»

ሽቦ «የለም» ቢል ነገሩ ያልቃል። ሕንፃው ይተርፍለታል። ሲቆረጥ ደግሞ ይጠሩታል፤ መጥቶ እንደ አዋቂ አንድ በአንድ ያድናል። አስቦ የጨረሰው ይህን ነበር። አፉ የተናገረው ግን ሌላ ሆነ።

«እነሱም ያው ናቸው» አለ። «አንድ እጅ ነው የሠራቸው። ስዊቹ አይደለም የተሳሳተው፣ እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ተራውን ተሳስቼ ነው ስሠራ የኖርኩት።»

ሥራ አስኪያጇ ዓይኗን ከሰዓቷ አነሣች። ድምጿ ሲወጣ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር።

«ይሄን ለምን ይነግሩኛል?»

«ጠየቁኝ።»

«ስድስቱን ይጨርሱ» አለች። «ሰኞ ረፋድ ድረስ አንድ ጥሪ ሳይቆረጥ ከቆየ ሁለተኛውን ፎቅ እርስዎ ያስተካክላሉ። ከተቆረጠ እደውልልዎታለሁ፤ ያኔ ሌላ ሰው ነው የምፈልገው።»

ስትሄድ ኢንጂነሩ ወደ ሽቦ ዞረ። «ሸፍኜልህ ነበር እኮ ጋሼ። ምን ሆነህ ነው?»

«እኔ እንጃ» አለ ሽቦ። እውነቱን ነው። ምን እንደሆነ አላወቀም።

ሰኞ ጠዋት ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ሁለት ሰዓት ሆነ። ሠላሳ ስምንቱ ገብተዋል ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሁሉም እያወራ ነው ማለት ነው። ስልኩ ዝም። ዝም ማለቱ መልካም ነው፤ ከተቆረጠ እደውላለሁ ነው ያለችው። ወይስ ተቆርጦ፣ ለምን ስልክ አባክናለሁ ብላ ሌላውን ሰው ጠርታ ይሆን? ስልኩ ራሱስ ይሠራል? ሚስቱን ደውይልኝ አላት። ስልኩ ጮኸ።

«ይኸው ደወልኩልህ» አለች ከስፌት መኪናዋ ኋላ። «ደስ አለህ?»

አራት ሰዓት ላይ አላስቀምጠው አለና ሄደ። ደረጃውን ሲወጣ ከላይ ምን እንደሚሰማ ጆሮውን ቀስሮ ነበር። የንብ ቀፎ ይመስል አንድ ወጥ የሆነ የሰው ድምፅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ በር ላይ ቆመ። ሠላሳ ስምንቱም አፋቸው ይንቀሳቀሳል። «ሃሎ፣ ይሰማል?» የሚል የለም። ቀና ብሎ ያየው የለም። በመስኮቱ በኩል ያለችው ሴት አይታው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፣ እንዳትረብሽኝ ለማለት፣ ወደ ወሬዋም ተመለሰች። ያ ሁሉ ጉልበት፣ ያ ሁሉ ሰባ ስድስት ጫፍ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ እንደሌለ ነው። ቢበላሽ ኖሮ ሁሉም ይጠራው ነበር። ደስ ይበለው ወይስ ይከፋው ቆርጦ መናገር አቃተው።

ሲወርድ ሁለተኛ ፎቅ መወጣጫ ላይ ከሥራ አስኪያጇ ጋር ተገናኙ።

«የት ጠፉ?» አለችው። «የሁለተኛ ፎቅ ሠራተኞች ጠረጴዛዎቹን ከግድግዳው አርቀው ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቁዎታል።»

«አልደወላችሁልኝም እኮ።»

«ምን ብለን እንደውላለን? የተቆረጠ ነገር የለም።»

ሁለተኛ ፎቅ ሲገባ ጠረጴዛዎቹ በክፍሉ መሀል ተከምረው፣ በየግድግዳው ሥር ሰማያዊው ገመድ ጭራውን አውጥቶ ተኝቷል። ሽቦ ለሥራ ብሎ ስላልመጣ ፒንሳ አልያዘም። የኢንጂነሩን ቁጥር ፈልጎ ደወለ፤ ሲነሣም ሰላም እንኳ ሳይል፣ «ስማ፣ ስትመጣ ያቺን ወረቀትህንም ይዘሃት ና» አለው። ከዚያ የመጀመሪያው ሶኬት ዘንድ ተንበርክኮ የግድግዳውን ክዳን በጥፍሩ መፍታት ጀመረ።